ለምን ሁሌ ሴፍትሪያክሶን? ሆስፒታል የተኛ ልጅ መድኃኒት ባህር ዳር ላይና ሌላ አገር

ባለፈው ክረምት ነው። ጠዋት ፋርማሲውን ከፍቼ ገና መስታወቱን እየወለወልኩ አንዲት እናት ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አርጋ ወረቀት ይዛ ገባች። ከዘጌ ነው የመጡት፣ ልጇ ሳንባ ምች ተብሎ ተኝቷል፣ መድኃኒቱ ውስጥ ስላለቀ ውጪ ግዢ ተብላ ነው። "ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ" አለችኝ (እዚህ ከተማ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፣ ፋርማሲስት ነኝ እያልኩ ማረሙን ከተውኩት ቆየሁ)። ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መስመር ነው፣ ሴፍትሪያክሶን (በመርፌ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ነው) 1 ግራም፣ 5 ፍሬ። የልጁ ኪሎ የለም። "እህቴ ልጁ ስንት ኪሎ ነው?" ስላት ትንሽ አሰብ አርጋ "ዘጠኝ ብለውኛል መሰለኝ" አለች።

እንግዲህ ሒሳቡን እንስራው። የዓለም ጤና ድርጅት ሆስፒታል ለተኙ ሕፃናት ያወጣው መመሪያ ለከባድ ሳንባ ምች ሴፍትሪያክሶን ሲሰጥ በኪሎ 80 ሚሊግራም፣ በቀን አንዴ ይላል። 9 ኪሎ ላለው ልጅ 720 ሚሊግራም ነው። ብልቃጡ ግን 1,000 ነው የያዘው። በየቀኑ 280ው ይደፋል ማለት ነው፣ በ5 ቀን 1,400 ሚሊግራም፣ ማለትም እናትየው ከገዛቻቸው 5 ብልቃጦች አንድ ተኩል የሚጠጋው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይገባል። ብልቃጡ ለአዋቂ ተለክቶ የተሰራ ነዋ። 250 ሚሊግራም የሚይዝ ትንሽ ብልቃጥ በዓለም ላይ አለ፣ እኔ ግን መደርደሪያዬ ላይ ያለው ትልቁ ነው።

ብክነቱን ግን እንተወው፣ እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ሌላ ነው። ያው መመሪያ ሴፍትሪያክሶንን መጀመሪያ ላይ አላስቀመጠውም። መጀመሪያ ያለው አምፒሲሊን ከጀንታማይሲን ጋር ነው፣ ሴፍትሪያክሶን እነሱ አልሰራ ሲሉ የሚመጣ ነው። ታዲያ ለምንድነው ወደኔ የሚመጡት ወረቀቶች ሁሉ ማለት ይቻላል ከሁለተኛው የሚጀምሩት? ሰው ይሄን ሲሰማ ቶሎ ብሎ ሐኪሙን ነው የሚወቅሰው፣ አላነበበም፣ ግድ የለውም፣ ከመድኃኒት ኩባንያ ጋር ይነጋገራል ምናምን። እኔ ግን ብዙ ዓመት ወረቀት ስቀበል የገባኝ ነገር ቢኖር ለተኛ ልጅ የሚታዘዘውን መድኃኒት የሚወስነው በሽታው ብቻ አይደለም፣ ሐኪሙም ብቻውን አይደለም። መደርደሪያው፣ የብልቃጡ መጠን፣ ሌሊት ተረኛ የሆኑት ነርሶች ብዛት፣ ያገሩ ሕግና ያገሩ ልማድ አንድ ላይ ሆነው ነው የሚጽፉት፣ ሐኪሙ ፊርማውን ያኖራል። ይሄ ደግሞ እኛ ጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አንቲባዮቲኮችን በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው መደብ በቀላሉ ሊሰጡ የሚገባቸው፣ አሞክሲሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ ጀንታማይሲን ያሉበት። ሁለተኛው በጥንቃቄና በክትትል የሚሰጡ፣ ሴፍትሪያክሶን፣ አዚትሮማይሲን፣ ሜሮፔነም እዚህ ናቸው፣ ጀርሞች ቶሎ ስለሚለማመዷቸው። ሦስተኛው ሌላ ሁሉ ሲከሽፍ ብቻ የሚነካ መጠባበቂያ ነው። በዚህ አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ2019 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ የሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ ጥናት ወጣ፣ 56 አገሮች ውስጥ ሆስፒታል ተኝተው አንቲባዮቲክ ሲወስዱ የነበሩ ከ23 ሺህ በላይ ሕፃናትን ያየ። ከመጀመሪያው መደብ የታዘዘው ስሎቬንያ ላይ 61.2 በመቶ ሲሆን ቻይና ላይ 7.8 በመቶ ብቻ ነው። ሁለተኛው መደብ ደግሞ ፊንላንድ ላይ 23 በመቶ፣ ኢራን ላይ 77.3 በመቶ።

እስቲ አስቡት፣ ሳንባ ምች ያው ሳንባ ምች ነው፣ የሕፃን ሳንባም የትም አገር ሳንባ ነው። በበሽታ ልዩነት ብቻ ከ8 ወደ 61 አይደረስም።

በርግጥ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲነበብ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። እነዚህ ጥናቶች የሚሰሩት በቆጠራ ነው፣ ቀን ይቆረጥና በዛ ቀን የተኛው ልጅ ሁሉ ምን እየወሰደ እንደሆነ ይመዘገባል። ያገሩ ሆስፒታል ሁሉ አይቆጠርም፣ ብዙውን ጊዜ የሚሳተፉት ትልልቆቹ ናቸው። ካንሰር የሚታከምበትና ጨቅላ ማቆያ ያለው ሆስፒታል ከአንድ የወረዳ ሆስፒታል ጋር ቢነጻጸር ጠንካራ ጠንካራውን መጻፉ አይገርምም። ስለዚህ "የእንትን አገር ሐኪሞች ጎበዞች የእንትን አገሮቹ ሰነፎች" ብሎ መደምደም አያስኬድም። ግን ይሄን ሁሉ ቀንሰን እንኳ ልዩነቱ አይጠፋም። ከዛ በፊት እ.ኤ.አ. በ2012 በ41 አገር 226 ሆስፒታሎች ላይ የተደረገ ሌላ ቆጠራ ነበር፣ ከተኙት 17,693 ሕፃናት ውስጥ 36.7 በመቶው በዛች ቀን ቢያንስ አንድ የጀርም መድኃኒት እየወሰዱ ነው የተገኙት። ከሦስት ልጅ አንዱ በላይ ማለት ነው። ታዲያ የትኛውን ወሰደ የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

አሁን ወደ ዋርዱ እንመለስ፣ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዛ ነው ብዬ አምናለሁ። አምፒሲሊን በየ6 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ጠዋት 12፣ ቀን 6፣ ማታ 12፣ ሌሊት 6። በቀን አራቴ፣ በ5 ቀን 20 ጊዜ። ጀንታማይሲን በቀን አንዴ ስለሆነ 5 ጊዜ ይጨመርበት፣ 25። ሴፍትሪያክሶን ከሆነ ግን በጠቅላላው 5 ጊዜ ብቻ። 25 እና 5! አንዲት ነርስ ሌሊት ስንት ሕፃን ይዛ እንደምታድር አስታሞ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ ለያንዳንዱ ብልቃጥ መክፈት፣ ዱቄቱን መበጥበጥ፣ በኪሎው ለክቶ መሳብ፣ ካኑላው (የደም ሥር ውስጥ የምትገባው ቱቦ) ተዘግቶ ከሆነ እንደገና ሥር መፈለግ፣ ልጁ ይጮሃል እናትየዋ ታለቅሳለች። የሌሊት 6 ሰዓቷ አምፒሲሊን ሳትሰጥ ብታድር ማን ይፈርዳል? ሐኪሙም ይሄን ያውቃል። ወረቀት ላይ ትክክል የሆነው መድኃኒት ዋርድ ውስጥ ግማሹ ሳይሰጥ ከሚቀር ባንዴ የሚያልቀውን ልዘዝ ይላል። ስንፍና ብላችሁ ጥሩት ከፈለጋችሁ፣ እኔ ግን ሒሳብ ነው የምለው። ሌላም አለ፣ ብልቃጥና መርፌ ውጪ ግዙ የሚባል ከሆነ 25ቱ ለቤተሰቡም 25 ሲሪንጅ ነው።

ጀንታማይሲን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በብዛት የሚገኘው አምፑል 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊ ሊትር ነው፣ ያዋቂ። ተወልዶ ሳምንት ያልሞላው፣ 3 ኪሎ የሆነ ጨቅላ በኪሎ 5 ሚሊግራም ቢታዘዝለት 15 ሚሊግራም፣ ማለትም 0.375 ሚሊ ሊትር ነው የሚሳበው። በ5 ሚሊ ሲሪንጅ ይሄን መለካት ማለት በጣሳ የሽቶ ጠብታ እንደመለካት ነው፣ የ1 ሚሊዋ ቀጭን ሲሪንጅ ካልተገኘች አይሆንም። ነጥቧ ባንድ ቤት ከሸሸች ደግሞ ልጁ አስር እጥፍ ይወስዳል፣ ጀንታማይሲን ሲበዛ ኩላሊትና ጆሮ ነው የሚጎዳው። በሕፃናት ሕክምና ውስጥ ይሄ የአስር እጥፍ ስሕተት በየትኛውም አገር ያለ፣ ሀብታም ድሃ የማይል ነገር ነው።

ሀብታም አገር ስል፣ ብዙ ሰው አውሮፓ ያለ ሕፃን በሙሉ ለሕፃን ተብሎ የተፈተነ መድኃኒት የሚወስድ ይመስለዋል። እኔም ተማሪ ሆኜ እንደዛ ነበር የማስበው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ ጥናት በእንግሊዝ፣ በስዊድን፣ በጀርመን፣ በጣልያንና በኔዘርላንድ አንዳንድ ሆስፒታል ውስጥ 624 የተኙ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ከነሱ 67 በመቶው ቢያንስ አንድ ለነሱ እድሜ፣ ለዛ በሽታ ወይም በዛ መጠን ያልተፈቀደ፣ ወይም ጭራሽ ፈቃድ የሌለው መድኃኒት ወስደዋል። ከታዘዘው ሁሉ 46 በመቶው እንደዛ ነበር። ሐኪሞቹ ወንጀል ሰርተው ሳይሆን ኩባንያዎቹ መድኃኒቱን ልጅ ላይ ሞክረውት ስለማያውቁ ነው፣ የልጅ ገበያ ትንሽ ነው፣ ልጅ ላይ ሙከራ ማድረግ ከባድ ነው፣ ስለዚህ ያዋቂውን በኪሎ እያካፈሉ መስጠት የዓለም ልማድ ሆኖ ኖረ። ችግሩ ልጅ ትንሽ አዋቂ አለመሆኑ ነው፣ የጨቅላ ጉበትና ኩላሊት ገና አልበሰለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ክሎራምፌኒኮል የሚባል አንቲባዮቲክ በኪሎ ተካፍሎ የተሰጣቸው ጨቅላዎች ቆዳቸው እየገረጣ ግራጫ እየሆነ የሞቱት ጉበታቸው መድኃኒቱን ማስወገድ ስላልቻለ ነበር።

ሀብታሞቹ አገሮች በኋላ ያደረጉት ሕግ ማውጣት ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2007፣ አዲስ መድኃኒት ይዞ የሚመጣ ኩባንያ ልጆች ላይም እንዲያጠና አስገደዱ፣ ላጠናው ደግሞ ተጨማሪ ስድስት ወር ብቻውን የመሸጥ መብት ሰጡት። ማለትም ዱላም ስኳርም። የዓለም ጤና ድርጅትም የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ካወጣ ከ30 ዓመት በኋላ፣ በዛው በ2007፣ ለሕፃናት ለብቻው ዝርዝር አወጣ። ግን ልብ በሉ፣ ሕጉ የሚይዘው በተለይ አዲሱን መድኃኒት ነው። አምፒሲሊንና ጀንታማይሲን የመሰሉ ያረጁ፣ ርካሽ፣ ማንም የማይከብርባቸው መድኃኒቶች ላይ ማን ገንዘብ አውጥቶ ለጨቅላ የሚሆን አምፑል ይሰራል? እኛ የምንኖርባቸው ደግሞ እነሱው ናቸው።

ማስታገሻ ላይ ስንመጣ የአገር ልማድ ይበልጥ ይታያል። ሜታሚዞል (ዳይፓይሮን የሚሉትም አሉ) ጀርመን ውስጥ ለሕፃናት ትኩሳትና ሕመም ዛሬም ይታዘዛል። አሜሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ከገበያ አስወጥታዋለች፣ እንግሊዝም አይሸጥም፣ ምክንያቱም ጥቂት ሰዎች ላይ ነጭ የደም ሴልን ድራሹን ያጠፋል። ጀርመኖቹ ይሄን አያውቁም? ያውቃሉ፣ ግን በነሱ ሚዛን ጥቅሙ ይበልጣል። ማለት ያንዱ አገር ሐኪም ለልጁ በየቀኑ የሚያዘውን ሌላው አገር ያለ ሐኪም ቢያዝ ይከሰሳል። ይሄን ሳስብ ሳይንስ አንድ ነው የሚለውን ነገር ትንሽ ፈገግ እልበታለሁ።

ኮዴይን የሚባለው ሌላው ማስታገሻ ግን ለኛ ከቁም ነገርም ቁም ነገር ነው። ኮዴይን ራሱ ብዙም አያስታግስም፣ ጉበት ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው የሚሰራው። ኢንዛይሙ ከሰው ሰው ይለያያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቀይረውም፣ አንዳንዱ ደግሞ በጣም ፈጣን ነው፣ የሰጠኸውን ትንሽ ኮዴይን ባንዴ ሞርፊን አርጎት ቁጭ። አሜሪካ ውስጥ ቶንሲል ወጥቶላቸው ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት እንቅልፍ ላይ እንዳሉ ትንፋሽ አጥሯቸው ሞተዋል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2013 ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለሕመም እንዳይሰጥ ከለከለ፣ አሜሪካ በ2017 ትራማዶልንም ጨምራ ከለከለች። እሺ፣ አሁን እኛ የት ነን? እ.ኤ.አ. በ1996 ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ደጋግመው የተሸከሙ ናቸው። ስዊድናውያን ላይ ይሄ አንድ ሁለት በመቶ ነው። (ነገሩ ዘር ብቻም አይደለም፣ በኋላ እነሱው ሰዎች ስዊድን የሚኖሩና አገር ቤት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሲያወዳድሩ ዘረመሉ ተመሳሳይ ሆኖ ሥራው ላይ ልዩነት አግኝተዋል፣ አካባቢም እጁን ያስገባል ማለት ነው።) እና ስዊድን ሠራሽ መመሪያ እንዳለ ወስደን ብንሠራበት ለስዊድን ልጅ አልፎ አልፎ የሚደርስ አደጋ ለኛ ልጅ የዕለት ነገር ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ሳል ላለበት ሕፃን ኮዴይን ያለበት ሽሮፕ የሚጠይቀኝን ሰው ቆጣ የምለው፣ ሰዉ ያኮርፋል፣ ያኩርፍ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ደስ የሚለኝ ምሳሌ የወባው ነው። ጣና ዳር ወባ ምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም፣ ፎገራ ላይ ሩዙ ማሳ ውሃ ሲይዝ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ጤና ጣቢያው ሁሉ ይሞላል። ድሮ ለሕፃን ያዋቂውን የወባ ክኒን ሰባብረን ነበር የምናጠጣው፣ ይመራል፣ ይተፉታል፣ ምን ያህሉ እንደገባ ማን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2009 ውሃ ውስጥ የሚሟሟ፣ የቼሪ ጣዕም ያለው፣ ለሕፃን ተብሎ የተሰራ ኮአርተም ወጣ። በ2025 ደግሞ ስዊዘርላንድ ከ5 ኪሎ በታች ለሆኑ ጨቅላዎች የሚሆነውን ፈቀደች፣ ከ2 ኪሎ ጀምሮ። እስከዛ ድረስ ለነዚህ ትንንሾቹ የተፈተነ የወባ ክኒን አልነበረም፣ የትልልቆቹን ነበር የሚወስዱት። ፓሪስ ያለ የሕፃናት ሐኪም ይሄን መድኃኒት በዓመት ስንቴ ይጽፋል? የኛ ግን በቀን። ስለዚህ ለድሃ አገር ልጅ ተብሎ መድኃኒት መስራት አይቻልም የሚል ሰው ካለ ይሄው ተችሏል።

አሞክሲሲሊንም እንደዛው ነው። ዱቄቱ ሽሮፕ ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይፈልጋል፣ ጠርሙሱ ላይ ያለው መስመር ድረስ በልክ፣ አንዳንዱ ከተበጠበጠ በኋላ ፍሪጅ ይላል። ደቅ ደሴት ላይ ላለች እናት ፍሪጅ አምጪ ልበላት? ማንኪያውስ፣ የቡና ማንኪያ አለ የሻይ ማንኪያ አለ፣ 5 ሚሊ የቱ ነው? የሚሟሟው 250 ሚሊግራም ክኒን ይሄን ሁሉ ይገላግላል፣ ከ4 እስከ 10 ኪሎ ለሆነ ሳንባ ምች ያለበት ልጅ ጠዋት አንድ ማታ አንድ፣ በቃ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጤና ኬላ ላይ ሳንባ ምች እንዲያክሙ የተፈቀደላቸውም በእንደዚህ አይነት ቀላል አሰጣጥ ነው። የሚገርመው ጤና ኬላ ላይ ያለው ክኒን አንዳንዴ ትልቁ ሆስፒታል ደጃፍ ያለን እኛ ጋ አይገኝም። እናቶችም ቢሆኑ ሆስፒታል የተኛ ልጅ በክኒን ታክሞ ሲባል ቅር ይላቸዋል፣ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስላቸውም፣ ይሄም መድኃኒት ያጽፋል፣ ሐኪሙም ሰው ነው ይሰማል።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አገሮች እስከ 2030 ከሚሰጡት አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው መደብ እንዲሆን ተስማምተዋል። ጥሩ ነው። ግን ስምምነቱ ባህር ዳር ሲደርስ ትርጉሙ ምንድነው ብላችሁ ብትጠይቁኝ ስብሰባና ፖስተር አይደለም። የጨቅላ ጀንታማይሲን አምፑል፣ የ1 ሚሊ ሲሪንጅ፣ 250 ሚሊግራም የሚይዝ ብልቃጥ በጨረታው ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ሌሊት አንድ ነርስ ትጨመር። ወረቀቱ ላይ ኪሎ ይጻፍ፣ ይሄ እንኳ ሳንቲም አያወጣም። ዋርዱ ውስጥ ክሊኒካል ፋርማሲስት ጠዋት ራውንድ ላይ ይኑርና ሦስተኛው ቀን ላይ "ይሄ ልጅ ትኩሳቱ ወርዷል፣ እየበላ ነው፣ ወደ ክኒን አንቀይረውም ወይ?" ብሎ ይጠይቅ። ካልቸር (ጀርሙ የትኛው እንደሆነ የሚያሳየው የላብራቶሪ ምርመራ) ቢኖር ደግሞ ግምቱ ይቀንስ ነበር፣ ግን ውጤቱ ልጁ ከወጣ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ማንም አይጠብቀውም።

የዘጌዋን እናት "ለጊዜው ሁለት ብቻ ውሰጂ፣ ከነገ ወዲያ አይተን" ብያት ነበር። እምቢ አለች፣ በኋላ ቢጠፋስ ብላ አምስቱንም ገዛች፣ እውነቷን ነው ይጠፋል። በአራተኛው ቀን መጣች፣ ሌላ ወረቀት ይዛ። ወደ ክኒን ቀይረውላታል፣ ደስ አለኝ፣ እሷ ግን "መርፌው ሳያልቅ?" ብላ ከፍቷታል። ሁለት ብልቃጥ ተርፏታል፣ ትመልሱልኝ ይሆን አለችኝ፣ የወጣ መድኃኒት መልሶ መቀበል አይፈቀድልንም አልኳት። ክኒኑን ይዛ ወደ ወደቡ ከመሄዷ በፊት "እንግዲያው እዛው ጎናችን ለተኛችው ልጅ እናት እሰጣታለሁ፣ እሷም ያንኑ ግዢ ተብላለች" አለች። የዛችኛዋ ልጅ ስንት ኪሎ እንደሆነች አልጠየቅኳትም።